ዋንጫ ያመጣው አፌና የእትዬ ጫልቱ ማር

አማርኛችን ሀብታም ቋንቋ ነው ሲባል እሰማለሁ። እኔን ያዋረደኝ ግን ንፉግነቱ ነው። ኮሌጅ ውስጥ ተማሪዎች ከረባት አስረው ለጭብጨባ የሚነጋገሩትንም፣ ፍርድ ቤት ውስጥ ሰዎች ርስታቸውንና ከብታቸውን ይዘው የሚፋለሙትንም በአንድ ቃል «ክርክር» ብሎ ይጠራቸዋል። ለሁለቱ ሁለት ስም ቢያወጣላቸው ምን ይጎዳ ነበር? እኔም መቱ ገበያ ውስጥ አንገቴን ቀና አድርጌ በሄድኩ ነበር።

በዚያን ጊዜ ከኢሉባቦር ተነሥቶ አዲስ አበባ ኮሌጅ የገባ ልጅ በጣት የሚቆጠር ነው። እኔ ከተቆጠሩት ጣቶች አንዱ ነበርኩ፤ ምናልባት ትንሿ ጣት። ኮሌጁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተማሪውን ሥራ አያስፈታም። ኳስ አለ፣ መዝሙር አለ፣ ቴአትር አለ። ተማሪ ሁሉ በአንዱ ስሙን ሲያስጠራ እኔም ልሞክር ብዬ ኳስ ገባሁ። ኳሷ እኔን ትመታኛለች እንጂ እኔ እሷን መትቻት አላውቅም። ከዚያ ወደ መዘምራኑ ዞርኩ። አሠልጣኙ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጠጋ ብለው «አንተ አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ፤ ድምፁን ሌሎቹ ያወጡልሃል» አሉኝ። በመጨረሻ የቀረኝ የክርክር ማኅበር ነበር። እዚያ እንኳ አፍ ማንቀሳቀስ ብቻውን ይበቃል አሉኝ።

ክርክር የሚያስተምሩን ፈረንጅ ሁለት ነገር አጥብቀው ያዝዙን ነበር። አንደኛው፣ ወገንህን የሚመርጥልህ ዕጣ ነው፤ የምታምንበትን ሳይሆን የደረሰህን ትከራከራለህ። ሁለተኛው፣ ጨዋ ተከራካሪ የባላጋራውን ጠንካራ ነጥብ ራሱ ቀድሞ ያነሣለታል፣ ያከብርለታል፣ ካከበረለት በኋላ ያፈርስበታል። ይህን ሁለተኛውን ትእዛዝ እንደ ዳዊት በቃሌ ያዝኩት። ሳያከብሩ ማፍረስ የባለጌ ሥራ ነው እያልኩ በመኝታ ክፍላችን ጓደኞቼን እገሥጽ ነበር።

የዓመቱ መዝጊያ ውድድር ላይ ርዕሱ «የከተማ ኑሮ ይሻላል ወይስ የገጠር?» የሚል ሆነና ዕጣው ገጠርን ሰጠኝ። እኔ የመቱ ከተማ ልጅ ነኝ፤ ላም ስትታለብ ያየሁት በአጥር ቀዳዳ ነው። ባላጋራዬ ደግሞ እስከ ጎረምሳነቱ ሞፈር ጨብጦ ያደገ ልጅ ነበር፤ እሱ ከተማን ያዘ። ከፊት የኮሌጁ ዲን እንግዶች ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው በኮሌጁ ያሉት ጥቂት ሴት ተማሪዎች በሙሉ ተደርድረዋል። ዳሪሙ ገጠር ያለውን የአጎቴን ጎጆ ጭሱንና ቁንጫውን ትቼ የገነት በር አስመስዬ ሳቀርበው፣ ባላጋራዬ ራሱ የእናቱ ቤት ትዝ ብሎት ዓይኑን ጠረገ። ረታሁ። ጠረጴዛ ተደበደበ፣ ሻይና ብስኩት ቀረበ፣ ዲኑም ዋንጫ አስጨበጡኝ። ዋንጫው፣ እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ የተቀቀለ እንቁላል ቢቀመጥበት ይጠበዋል። ግን ብር ይመስላል፤ ያብለጨልጫል።

ወሬውን ቀድሞኝ መቱ ያደረሰው ቡና የሚያመላልስ የካሚዮን ሹፌር ነው። አባቴ በአንድ ቡና ነጋዴ መጋዘን ሚዛን ላይ ይሠራል። ሹፌሩ ገና ሳይወርድ፣

«ደስ ይበልህ! ልጅህ አዲስ አበባ ላይ ተከራክሮ ረታ፤ ዋንጫም ተሸለመ» ይለዋል።

«ማንን ረታ?» ይላል አባቴ።

«ከተማን።»

አለቀ። ቡና የሚለቅሙት ሴቶች ሰሙ፣ ከሴቶቹ ገበያው ሰማ። ክረምቱ ገብቶ በበደሌ ጭቃ ስዋኝ ሰንብቼ መቱ ስደርስ፣ እኔ በአገሬ ሰው ዘንድ መላውን አዲስ አበባ ፍርድ ቤት ገትሬ የረታሁ ነገር አዋቂ ሆኜ ነበር። አባቴ ዋንጫውን ከማርያም ሥዕል ዝቅ፣ ከራሱ ፎቶግራፍ ከፍ አድርጎ ሰቀለው። የመጣ እንግዳ ሁሉ ቀና ብሎ ያይና «በዚህች የሚጠጣው ምንድን ነው?» ይላል። አባቴም «አይጠጣባትም፤ ይረታባታል» ብሎ ይመልሳል።

እትዬ ጫልቱ የመጡት በማግሥቱ ነው። ጎረቤታችን ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ጠጅ እየጣሉ ልጃቸውን ለብቻቸው ያሳደጉ ሴት። በግቢያቸው አንድ ትልቅ የዋንዛ ዛፍ አለ። ሥሩ የእሳቸው ግቢ ውስጥ ነው፤ አንዱ ቅርንጫፉ ግን አጥሩን ተሻግሮ በሌላው ጎረቤት በጋሼ ተሰማ ቡና ላይ አንዣብቧል። እዚያ ቅርንጫፍ ላይ ባላቸው በሕይወት ሳሉ የሰቀሉት ቀፎ አለ። ማሩን ከዓመት ዓመት ሲቆርጡ ማንም ቃል ተናግሯቸው አያውቅም። ዘንድሮ ግን ቀፎው ጢም ብሎ ሞላ፤ ጋሼ ተሰማም ከሰሷቸው። ማሩ በጋን ታሽጎ ፍርድ እስኪሰጥ በሰፈሩ ጭቃ ሹም ቤት ተቀምጧል። ጭቃ ሹሙ ማሩን ደኅና መሆኑን ለማየት እያሉ ቶሎ ቶሎ ይከፍቱታል የሚል ሐሜት ነበር። የልጆቻቸውን ጉንጭ ያየ ሰው ሐሜቱን አይንቅም።

«ይህ ማር የአስቴርዬ ሰርግ ጠጅ ነው» አሉኝ እትዬ ጫልቱ። «ለጥር ቀን ቆርጠናል። ማሩ ከሄደ ሙሽራውን ውሃ ላጠጣው ነው? ማሎ ልጄ፣ እባክህ ተከራከርልኝ።»

እኔ ነገሩን ማስረዳት ሞከርኩ። እግዜር ያውቃል ሞክሬያለሁ።

«እትዬ፣ የኛ የኮሌጁ ክርክር እንደዚህ አይደለም። ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ? ሁለት ሰው ቆሞ አይነጋገርም?»

«ይነጋገራል።»

«ዳኛ የለውም?»

«አለው።»

«አንዱ አይረታም?»

«ይረታል።»

«ታዲያ!» አሉና ነጠላቸውን አጣፉ።

እዚያው ቤታችን ውስጥ፣ በእናቴ ፊት፣ በአንዲት ጠጅ ጣይ መስቀለኛ ጥያቄ ተረታሁ። ያን ጊዜ ብልጥ ብሆን፣ እኔ ልወክልዎ ከምል እሳቸው ራሳቸው እንዲከራከሩ እመክር ነበር። ግን አባቴ ከዋንጫው ሥር ቆሞ በኩራት ያየኛል። አስቴርም ከእናቷ ጀርባ «ወንድምዓለም» ብላ ቀና አለች። «እሺ» አልኩ። አፌ እንደ ልማዱ ከኔ ቀድሞ።

ስለ ጋሼ ተሰማ ልንገራችሁ። አንዱ ጠጅ ይወዳል፣ አንዱ ፈረስ ይወዳል፤ እሳቸው ክስ ይወዳሉ። ዕድሜያቸውን በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ሲጽፉ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ እጃቸው ያረፈውን ያህል አፋቸው ተነሣባቸው። የጎረቤት አውራ ዶሮ ያለ ሰዓቱ ጮኾ ጸሎት አስፈትቶኛል ብለው ከሰው ያውቃሉ። ገንዘብ ፈልገው እንዳይመስላችሁ፤ ሲረቱ ካሳውን ይመልሳሉ። እሳቸው የሚፈልጉት መቆሙን፣ ጋቢ ማጣፋቱን፣ ሰው «ወይ ተሰማ!» ሲል መስማቱን ነው። ችግራቸው፣ መቱ ውስጥ የሚመጥናቸው ባላጋራ አልቆባቸዋል። ሰው ሁሉ ሲከሱት «ይቅርታ ጋሼ» እያለ በዕርቅ ያመልጣቸዋል።

ስለዚህ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሊቆጡኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ዘለው እጄን ጨበጡኝ።

«ከተማን የረታኸው አንተ ነህ አሉ?»

«ነገሩ እንኳ ጋሼ...»

«ተወው፣ ትሕትናውን ተወው! ደስ ብሎኛል። እንደዚህ ያለ ባላጋራ ካየሁ ቆየሁ። ብቻ አደራህን፣ አትራራልኝ። ሽማግሌ ነው ብለህ አትራራልኝ!»

እንደማልራራላቸው ቃል ገባሁላቸው። ቤቴ ገብቼም ንግግር መጻፍ ጀመርኩ። መግቢያ አለው፣ ሐተታ አለው፣ መደምደሚያ አለው። ከቤታችን ጓሮ ቡናው መካከል ቆሜ ለቡናው እናገራለሁ፤ ቡናው ጸጥ ብሎ ያዳምጠኛል፤ እንደሱ ያለ ጨዋ ጉባኤ ከዚያ ወዲህ አልገጠመኝም። እናቴ በመስኮት አይታኝ ለአባቴ «ይህን ልጅ ጠበል ብንወስደው ምን ይመስልሃል?» አለችው። አባቴም «ተዪው፤ ከተማንም ሲረታ እንዲህ አድርጎ ነው» አላት።

የቀጠሮው ቀን የገበያ ቀን ነበር። ያ አጋጣሚ ዕጣዬ ላይ የወደቀ ክፉ ኮከብ ነው እላለሁ፤ የገበያው ሰው ቅቤውንና በርበሬውን እንደያዘ ፍርድ ቤቱን ሞላው። ከኡካ ድረስ ለእህል የመጡ ሰዎች ሳይቀሩ በመስኮት አንገታቸውን አስገብተው ነበር። እኔ የኮሌጁን ኮት ለብሼ፣ ከረባቴን አጥብቄ አስሬ ገባሁ። ከረባቱ ያነቀኝ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ሳስበው ሊያስጠነቅቀኝ ኖሯል።

ጋሼ ተሰማ አዲስ ጋቢ ደርበው፣ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ቁርስ ያበሏቸውን ምስክሮች ከኋላቸው አሰልፈው ቆመዋል። እንደ ሙሽራ ያበራሉ። ዳኛው ከሸዋ የመጡ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ጉንፋን ይዟቸው በመሐረብ አፍንጫቸውን ይዘዋል። ከጎናቸው ጸሐፊውና ኦሮምኛ የሚያስተረጉመው ሰው አሉ።

እትዬ ጫልቱ ተነሥተው እጅ ነሡና ጮክ ብለው፣ «ይህ ልጅ ወኪሌ ነው። የእሱ አፍ አፌ ነው። እሱ ያለው ሁሉ እኔ እንዳልኩት ይጻፍልኝ» አሉ።

ጸሐፊው ጻፈው። እኔ ወደፊት ወጣሁ፤ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ።

«ክቡር ሊቀ መንበር! ክቡራትና ክቡራን!»

ዳኛው መሐረባቸውን ከአፍንጫቸው አወረዱ። «ሊቀ መንበር ማነው?»

አስተርጓሚው ወደ ሕዝቡ ዞሮ «ሊቀ መንበር የሚባል ሰው ካለ ይቅረብ!» ብሎ ጮኸ።

ከኋላ አንዱ «ዛሬ አልመጣም!» አለ።

ሳቁ ጋብ እስኪል ጠብቄ ቀጠልኩ። የጀመረ ተከራካሪ አያቋርጥም ተብለን ተምረናል።

«በመጀመሪያ የተከበሩ ባላጋራዬ ያነሡትን ነጥብ ላክብርላቸው እወዳለሁ። ጋሼ ተሰማ ቅርንጫፉ በግቢዬ ላይ ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ ቅርንጫፉ በግቢያቸው ላይ ነው።»

ዳኛው ወደ ጸሐፊው ዘንበል ብለው «ጻፍ» አሉ።

ጻፍ ማለታቸው ንግግሬ ቢጥማቸው መሰለኝ። ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«ደግሞም ንቦቹ ከቡናዬ አበባ ቀስመዋል ይላሉ። ይህም ጠንካራ ነጥብ ነው! ማን ይክዳል? ቀስመዋል!»

«ጻፍ።»

«እንዲያውም ጋሼ ተሰማ ያላነሡትን ልጨምርላቸው። የዛፉ ጥላ ቡናቸው ላይ ወድቆ ሲኖር፣ ቅጠሉ ግቢያቸው ላይ ሲረግፍ፣ አንድ ቀን እንኳ አቤት ሳይሉ ታግሠዋል!»

ከኋላዬ እትዬ ጫልቱ «ዋ! ምን እያለ ነው ይሄ ልጅ?» ሲሉ ሰማሁ። ዞር ብዬ፣ ይጠብቁ፣ ማፍረሱ ገና ነው ለማለት እጄን አነሣሁላቸው። ከዚያም ወደ ዳኛው ዞሬ በኮሌጁ ጭብጨባ ያስገኘልኝን ያን ረጅም ዕረፍት ወሰድኩና፣

«ግን...» አልኩ።

«ይበቃል» አሉ ዳኛው።

«ግን ክቡር...»

«ያመነ ሰው ግን የለውም። ቅርንጫፉ በእሳቸው ግቢ ላይ ነው አልክ፣ ንቡ ከእሳቸው ቀስሟል አልክ። እሳቸው ያልጠየቁትን ሳይቀር አመንክላቸው። ሌላ ምን ቀረ?»

«ማፍረሱ ቀረ!»

«ምን ልታፈርስ?»

«ማሎ!» ብለው እትዬ ጫልቱ ጮኹ። «ማሎ ጌታዬ፣ አፌን መልሱልኝ! ይሄ አፍ የኔ አይደለም!»

ላቤ በከረባቴ ላይ ይወርዳል። አስቴር ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ነገሩ ለኔ ንግግር ነበር። ያቺን ነጠላ ሳይ ግን በጥር የሚመጣው ሰው ሁሉ፣ ባዶው ብርሌ፣ የአማቾቹ ሹክሹክታ ፊቴ ላይ ተደቀነ። ከተማን ለማሸነፍ የአጎቴን ቁንጫ መደበቅ አይከፋም፤ የአንዲት መበለት ማር ግን ማር ነው።

ዳኛው ወደ ጋሼ ተሰማ ዞሩ። «እንግዲህ አቶ ተሰማ ረትተዋል። መሄድ ይችላሉ።»

ጋሼ ተሰማ ንቅንቅ አላሉም። ፊታቸው እንደ ሰኔ ሰማይ ጠቁሯል።

«ማንን ረታሁ?» አሉ።

«ባላጋራዎን ነዋ።»

«የቱ ባላጋራ? ገና ጋቢዬን አላጣፋሁም! ምስክሮቼ ገና አፋቸውን አልከፈቱም! እኔ ለዚህ ቀን ስንቱን ስዘጋጅ ከርሜ፣ አንድ ቃል ሳልናገር ረትተሃል ብላችሁ ልትሸኙኝ ነው? ይሄ መርታት ነው ወይስ መመጽወት?»

«አቶ ተሰማ፣ የፈለጉትን አግኝተዋል።»

«አላገኘሁም!» ብለው ወደኔ ዞሩ። «አንተ! ከተማን የረታኸው በዚህ ነው? ከተማ ምን ያህል ብትደክም ነው! ዞር በል፣ እንዴት እንደሚባል ላሳይህ።»

በክርናቸው ገፋ አድርገው እኔ በቆምኩበት ቦታ ቆሙ። ጋቢያቸውን አጣፉ። ቀድሞ ቆመውበት በነበረው ባዶ ቦታ ላይ ጣታቸውን ቀሰሩና፣

«ተጠየቅ ተሰማ!» ብለው አንባረቁ።

ዳኛው መሐረባቸውን ረሱት።

«ተጠየቅ! በሬህ አንገቱን በጎረቤት አጥር ቢያሾልክ፣ አንገቱ የጎረቤት ይሆናል ወይ?»

ፈጠን ብለው ወደ ባዶው ቦታ ተሻገሩና በዝቅተኛ ድምፅ «አይሆንም» አሉ። ተመልሰው መጡ።

«አይሆንም! ታዲያ ሥሩ እዚህ ሆኖ ቅርንጫፉ እንዴት ያንተ ይሆናል? ተጠየቅ! ንቡ ከቡናዬ ቀሰመ ትላለህ። ንቡ አበባህን ባይዳስስ ቡናህ መቼ ያፈራ ነበር? ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪዘነጥል ያፈራልህ በማን ንብ ነው? አንተ ማር ልትጠይቅ ነው ወይስ የንቧን ድካም ቡና ሰፍረህ ልትከፍል? ተጠየቅ! ቀፎውን የሰቀለው ሟች ጎረቤትህ ሲሰቅል መሰላሉን የያዝክለት ማነው? አንተ አይደለህም? ያን ቀን ምነው ዝም አልክ? ሰው በሕይወት ሳለ መሰላል ይዘህ፣ ሲሞት ማሩን ልትይዝ ነው?»

የመጨረሻውን ሲናገሩ ድምፃቸው ተሰበረ። የሚጠይቁትም የሚጠየቁትም እሳቸው ናቸውና መልሱን ሳያስቡት ሰጡት። «ይዤለታለሁ» አሉ። «መሰላሉንስ ይዤለታለሁ።»

ሕዝቡ አንድ ጊዜ «ወይ ተሰማ!» ብሎ ተነሣ። በመስኮት ያሉት የኡካ ሰዎች ሲያጨበጭቡ አንዱ የያዘው እህል ተደፋ። እኔም፣ አያሳፍረኝም፣ አጨበጨብኩ። እትዬ ጫልቱ እልል አሉ። ጋሼ ተሰማ ግንባራቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና «እንዲህ ነው የሚባለው» ሲሉኝ፣ ከወዲያ የዳኛው ድምፅ መጣ።

«ጻፍ።»

ጋሼ ተሰማ ደንገጥ ብለው ዞሩ። «ምን ይጻፋል?»

«ዛፉ የሴትዮዋ ነው ብለዋል፣ ንቡ ጠቀመኝ ብለዋል፣ መሰላል ይዤ ፈቅጃለሁ ብለዋል። አምነዋል።»

«ልጁን ላስተምር ብዬ እኮ ነው! ግን...»

«ያመነ ሰው ግን የለውም» አሉ ዳኛው፤ እዚህ ላይ ሳቃቸውን በመሐረብ ደበቁት። ትንሽ ካሰቡ በኋላም እንዲህ ሲሉ ፈረዱ፦ «በዚህ ወገን ወኪል አምኗል። በዚያ ወገን ባለጉዳዩ ራሱ አምኗል። የወኪል እምነትና የባለጉዳይ እምነት ከተጋጩ የባለጉዳዩ ይበልጣል። ማሩ ለወይዘሮ ጫልቱ ይመለስ።»

ጋሼ ተሰማን አይታችሁ ቢሆን! የተረታ ሰው አይመስሉም። ሰው ትከሻቸው ላይ እየተንጠለጠለ ሲወጡ፣ ከደጅ የቆመ አንድ ዘግይቶ የደረሰ ገበያተኛ «ማን ረታ?» አለ።

«ጋሼ ተሰማ!»

«ማንን?»

«ጋሼ ተሰማን!»

እኔና አባቴ በጓሮ መንገድ ወጣን። ጭቃው ጫማዬን ይጎትታል፤ አባቴ ከፊት ከፊት ይሄዳል። ዞር ሳይል ጠየቀኝ።

«ኮሌጁ ሌላ ትምህርት አይሰጥም?»

«ይሰጣል አባባ። ሳይንስ አለ፣ ሒሳብ አለ።»

«ዝም የሚባልበት ይኖራል?»

«የላብራቶሪው ዝም ይባልበታል።»

«እሱን ያዝ» አለኝ።

አመሻሹ ላይ እትዬ ጫልቱ ቤት ተጠራን። ጋኑ ተመልሷል፤ ጭቃ ሹሙ «ክረምት ሲሆን ማር ይቀንሳል» ብለው ቢያስረክቡትም ለሰርግ የሚበቃ አልጠፋም። ጋሼ ተሰማ ከመደቡ ላይኛው ጫፍ ተቀምጠው የጠዋቱን ሙግት ለአስቴር ከመጀመሪያው ይደግሙላታል። እትዬ ጫልቱ ወለላውን በትንሽ እንስራ ሞልተው ሰጧቸው። «የጠበቃ ነው» አሏቸው። ጋሼ ተሰማ የከሰሱበትን ማር በጠበቃ ደመወዝነት ተቀበሉ።

ቀጥሎ ወደኔ መጡ። እጄን ዘረጋሁ።

«ላንተ ማር አልሰጥህም» አሉኝ። «ማር ጉሮሮ ይጠርጋል ይላሉ። ያንተ ጉሮሮ ባይጠረግ ይሻለኛል።» ከዚያ ማሩ የተጨመቀበትን ሰፈፍ በጣታቸው ቆንጥረው መዳፌ ላይ አኖሩልኝ። «ይህን አኝክ። ጥርስ ያጣብቃል።»

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ሰፈፉንም አፌ ውስጥ ጨመርኩት። እውነትም ያጣብቃል። ከበሩ ስወጣ ጋሼ ተሰማ እንስራቸውን አቅፈው ከኋላዬ ደረሱብኝ። አጥራቸው ጋ ቆም አሉና ዓይናቸው እንደ ጠዋቱ እንደገና አበራ።

«ስማማ፣ የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ» አሉኝ። «የጭቃ ሹሙ ዝይ ወንዝ ወርዳ ስትመለስ እንቁላሏን በአባትህ ግቢ ብትጥል፣ እንቁላሉ የማን ነው ትላለህ?»

ልመልስላቸው ፈለግሁ። ሐሳብም ነበረኝ፤ ጠንካራ ነጥባቸውን ላከብርላቸው ሁሉ ነበር። ግን ጥርሴ ከጥርሴ አልላቀቅ ብሎ «ም... ምም» ከማለት በቀር የወጣኝ የለም።

ጋሼ ተሰማ ጭንቅላታቸውን ወደ ጎን ዘንበል አድርገው በጥንቃቄ አዳመጡኝ። ከዚያም ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«በርታ ልጄ» አሉኝ። «እየተሻሻልክ ነው።»